ለአድቬንቸር ጌም ኮንሶል መግዛቴ፦ የአሥር ወር ልምድ ከእንጅባራ

ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም፣ ማለትም ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ጌም የሚያጫውት ኮንሶል፣ ከባሕር ዳር ገዝቼ እንጅባራ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ካስገባሁ አሥር ወር አልፎኛል። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ዕቃው ዕድሜ ስለቆጠረ አይደለም። በክረምቱ አንድ ምሽት አባቴ ከተቀመጠበት ሆኖ የተናገረው ነገር፣ አድቬንቸር ጌም (ታሪክ እየተከተሉ፣ ዓለሙን እያሰሱ የሚጫወቱት ጌም) በኮምፒውተር ይሻላል ወይስ በኮንሶል በሚለው ክርክር ለዓመታት ይዤው የኖርኩትን አቋም ስላስጣለኝ ነው።

ከዚያ በፊት የለየልኝ የኮምፒውተር ተጫዋች ነበርኩ። ተማሪ ሳለሁ በጓደኛዬ ላፕቶፕ የጀመርኩት ልማድ ሥራ ከያዝኩም በኋላ አልተወኝም። ለአቋሜ የማቀርበው ማስረጃም ነበረኝ። አድቬንቸር ጌም የተወለደው በኮምፒውተር ላይ ነው። ዋሻ ማሰስ ይወድ የነበረው ፕሮግራመር ዊል ክራውዘር በ1976 እ.ኤ.አ. ገደማ ፒዲፒ-10 በሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ የሠራው «አድቬንቸር» የተባለ ጌም ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ተጫዋቹ በዋሻው ውስጥ የሚዘዋወረው በኪቦርድ አንድ ሁለት ቃል እየጻፈ ነበር። በ1990 የወጣው መንኪ አይላንድ ያለ ማውዝ አይታሰብም። በ2009 የወጣው ማሺናሪየም ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ በቃል ሳይሆን በሥዕል እየተነጋገሩ የሚያልቅ ጌም ነው፤ እኔም በማውዝ እያንዳንዱን ጥግ እየነካካሁ ሌሊቱን አንግቼበታለሁ። እንዲህ ያለውን ጌም በኮንሶል መጫወት፣ ጠቋሚውን በአውራ ጣት እየገፉ ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር መጎተት ስለሚሆን፣ ዛሬም ቢሆን አልመክርም።

ኮንሶሉን እንድገዛ ያስገደደኝ አንድ ጌም ነው፤ ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ። መጀመሪያ በ2005 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ፤ በ2018 ደግሞ ሥዕሉ ከሥር መሠረቱ እንደ አዲስ ተሠርቶ ለፕሌይስቴሽን 4 ቀረበ። ለኮምፒውተር ተብሎ ወጥቶ አያውቅም። «በኮምፒውተር ላይ የማይሠራ ጌም የለም» ለሚለኝ ሻጭ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው። የ2005ቱን እትም ኮንሶል በሚያስመስል ፕሮግራም በኮምፒውተር የሚያስኬዱ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እኔ የፈለግሁት የ2018ቱን ነው፤ ሰውም ለገዛው ዕቃ መካኒክ ሆኖ እንዲኖር አይገደድም።

ባሕር ዳር ኮንሶሉን የጠየቅሁት ነጋዴ፣ ምን ልጫወትበት እንዳሰብኩ ስነግረው ከልቡ ሊመክረኝ ሞከረ። «ወንድሜ፣ ይሄ ለኳስ ነው፤ የታሪክ ጌም ከፈለግህ እዚያ ላይ ያለውን ላፕቶፕ ላሳይህ» አለኝ። አልፈርድበትም። በየከተማችን ፕሌይስቴሽን ቤት ሲባል ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው በጨዋታ ሒሳብ እየከፈሉ ኳስ የሚጋጠሙበት ቤት ነው፤ ኮንሶልን በዚያ ብቻ የሚያውቅ ሰው ታሪክ ያለው ጌም ላፕቶፕ ላይ ብቻ አለ ብሎ ቢያምን አያስገርምም። እኔም 28 ሺህ ብር ቆጥሬ ስሰጠው ልቤ ሙሉ አልነበረም። አሁን ባገኘው ግን፣ ምክሩ የተሳሳተው በዕቃው ላይ ሳይሆን ዕቃው በሚቀመጥበት ክፍል ላይ መሆኑን እነግረው ነበር። ላፕቶፕ የሚቀመጠው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮንሶል የሚቀመጠው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ቡና በሚፈላበት ቦታ ነው። ለኳስ ይህ ልዩነት ያን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ለታሪክ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የጌሙን ነገር ላላወቀው ባጭሩ ልናገር። ዋንደር የሚባል ወጣት የሞተችውን ልጅ በፈረስ ጭኖ ሰው ወደማይኖርበት የተከለከለ ምድር ይገባል፤ እሷን ለማስነሣት በዚያ ምድር ያሉትን 16 ግዙፎች አንድ በአንድ መጣል አለበት። ከግዙፎቹ ሌላ ጠላት የለም። በመካከላቸው ያለው ረጅም ባዶ ሜዳ፣ ገደል፣ ሐይቅና ነፋስ ነው፤ ወጣቱ ሰይፉን ወደ ፀሐይ ሲያነሣ ብርሃኑ ተሰብስቦ የሚቀጥለው ግዙፍ ያለበትን አቅጣጫ ያመለክታል፤ ጥላ ውስጥ ከሆነ ግን አያመለክትም። ሰዎቹ የሚናገሩት ለጌሙ ተብሎ በተፈጠረ፣ የትም አገር በማይነገር ቋንቋ ስለሆነ፣ ከሥር የሚወጣውን ጥቂት ጽሑፍ እህቴ እያነበበች በአማርኛ ስትነግረን ከቤተሰቡ ማንም «እኔ አልገባኝም» ብሎ አልተነሣም። እንግሊዝኛ በሚንዠቀዠቅበት ሌላ ጌም ይህ አይሆንም ነበር።

አባቴ የአዊ ሰው ነው፤ ፈረሰኛ ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚያከብረው በዓል ላይ ለብዙ ዓመታት ጋልቧል። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ግን ኮርቻው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ጌም የሚባለውን ነገር የልጅ ጊዜ ማጥፊያ አድርጎ ስለሚያይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዜና እስኪጀምር ድረስ ብቻ ነበር አብሮን የሚቀመጠው። የዋንደርን ፈረስ ሲያይ ግን «ጉራች ነው፤ ግንባሩ ላይም ቦቃ ነው» ብሎ መልኩን ተናገረና አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ።

እኔ ደግሞ ያንን ፈረስ አልወደው ብዬ ነበር። አግሮ ይባላል። በሌሎች ጌሞች ፈረስ ማለት እግር ያለው መኪና ነው፤ ወደ ቀኝ ስትለው ወደ ቀኝ፣ ቁም ስትለው ወዲያው ይቆማል። አግሮ ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴም እንቢ ይላል፣ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ እኔ ወደፊት እያልኩት እሱ ይገታል። ይህን ለሳምንታት የአሠራር ጉድለት አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። እንዲያውም ያኔ ግምገማ ጽፌ ቢሆን ኖሮ «በማውዝና በኪቦርድ ቢሆን ፈረሱ ይታዘዝ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር በእርግጠኝነት ይገባበት ነበር።

13ኛው ግዙፍ በበረሃ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ርዝመቱ የማያልቅ ክንፋም ፍጡር ነው። ከሆዱ ሥር ያሉትን ከረጢቶች በቀስት ስትወጋቸው ዝቅ ይልና ክንፎቹን አሸዋው ላይ እየጎተተ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ በፈረስ ሽምጥ ጋልበህ ከጎኑ መድረስ፣ ከኮርቻው ላይ ቆመህ ወደ ክንፉ መዝለል አለብህ። ያን ማታ ውጭው በዶፍ ዝናብ ተሞልቶ፣ እናቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች፣ እኔ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ክንፉ ጋ ስደርስ ፈረሱ ይወላገዳል፤ እኔም ያንን ለማቃናት የኮንሶሉን መቆጣጠሪያ እጀታ በኃይል ወዲህና ወዲያ እገፋዋለሁ። አባቴን ዞር ብዬ ሳየው ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ጣቶቹ ልጓም እንደያዘ ሰው ይጨበጣሉ ይፈታሉ። በመጨረሻ አልቻለም።

«ልጓሙን ልቀቅለት እንጂ!» አለኝ። «መኪና አስመሰልኸው እኮ። አፉን እየጎተትህ እንዴት ይሂድልህ? ፈረስ መንገዱን ያውቃል፤ አንተ የምትሄድበትን ብቻ ንገረው።»

አባቴ እጀታውን በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ቁልፎቹ ምን እንደሚሠሩም አያውቅም። የነገረኝን አደረግሁ። ፈረሱን ወደ ክንፉ አቅጣጫ አዙሬ ኮለኮልኩትና አውራ ጣቴን ከእጀታው መሪ ላይ አነሣሁ። አግሮ ተስተካከለ። አንገቱን ዘርግቶ ከክንፉ ጎን ሳይወላገድ መጋለብ ጀመረ፤ «አትቅደመው፣ ጎን ለጎን፣ አሁን!» ሲለኝ ዘለልኩ፤ ያዝኩ። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች እልል አለች።

ከዚያ ወዲህ ቀደም ሲል የተሠቃየሁባቸውን የገደል መንገዶች ተመልሼ አየኋቸው። እጅህን ካነሣህለት ፈረሱ በጠባቡ መንገድ ላይ መታጠፊያውን ራሱ ይታጠፋል። በጌሙ ዳይሬክተር በፉሚቶ ኡዌዳ የተመራው ቡድን ይህን ፈረስ የሠራው የራሱ ፈቃድ እንዳለው እንስሳ እንዲሆን አስቦ ነው፤ የጌሙ ልብ ያለውም እዚያ ላይ ነው። እኔ ለብቻዬ ጠረጴዛ ላይ ብጫወተው ኖሮ ይህን ሳላውቅ ጨርሼው፣ ስለ ፈረሱ እያማረርኩ እቀር ነበር።

አሁን የላፕቶፕ ሻጩ ምን እንደሚለኝ ይሰማኛል፦ «ላፕቶፕህን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው፣ እጀታ ግዛበት፣ አለቀ።» አንድ ዓመት ሙሉ አድርጌዋለሁ። ገመዱ ይሠራል፣ ሥዕሉም ያምራል። ነገር ግን ላፕቶፑ የሥራዬ ዕቃ ስለሆነ ማታ ማታ መልሼ እነቅለዋለሁ፤ የቤቱም ሰው ላፕቶፕ ከፍቼ ሲያየኝ ሥራ ይዟል ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል እንጂ አጠገቤ አይቀመጥም። በ15 ኢንች ስክሪን ላይ ደግሞ የአባቴ ዓይን የፈረሱን ቦቃ ሊለይ ቀርቶ ፈረሱንም አያገኘው። ሻጩ ቀጥሎ የሚያነሣው የፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ በሴኮንድ የሚያሳየው የሥዕል ብዛት፣ ጉዳይ ነው፤ በእኔ ኮንሶል ይህ ጌም በሴኮንድ 30 ፍሬም ነው የሚሄደው፣ ጥሩ ኮምፒውተር ሌሎች ጌሞችን በ60 ያስኬዳል። እውነት ነው። በአሥር ወር ውስጥ ግን ከሳሎናችን ማንም ፍሬም ሲቆጥር አልሰማሁም።

ላፕቶፕ ያለ ክርክር የሚያሸንፍበት ነገር መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪው ይቀጥላል፤ ኮንሶል ግን በአፍታ ጥቁር ይሆናል። ጌሙ እያንዳንዱ ግዙፍ ከወደቀ በኋላ ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ የምናጣው የአንድ ግዙፍ ውጊያ ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሽ ሰዓት የወጣህበትን ፀጉራም ጀርባ እንደገና ከሥር መጀመር ስለሆነ ያንገበግባል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ገዝቼ ኮንሶሉንና ቴሌቪዥኑን አገናኝቼበታለሁ፤ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጠኛል። ሴቭ ፋይሉንም በየሳምንቱ በፍላሽ እገለብጠዋለሁ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ይህን ይፈቅዳል፣ ኮንሶል የሚገዛ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ቢለምደው ይጠቀማል። በኢንተርኔት በኩል ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የተባለው ጌም በ2019 ለኮምፒውተር ሲወጣ 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ የሚጠይቅ ነበር፤ ለኮንሶል ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው በሁለት ዲስክ ነው። በሞባይል ዳታ ያን ያህል ፋይል ለማውረድ የሞከረ ሰው ዲስክ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ጌሙን መጨረስ የሚፈልግ ሰው የሚቀጥለውን አንቀጽ ባያነበው ይሻለዋል።

ከ16ኛው ግዙፍ በፊት ረጅም የድንጋይ ድልድይ አለ። ስንጋልብበት ከኋላችን መፍረስ ጀመረ፤ በመጨረሻው ቅጽበት አግሮ ዋንደርን ወደፊት ወርውሮ ራሱ ከፍርስራሹ ጋር ወደ ገደሉ ወረደ። አባቴ ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ፤ በረንዳው ላይ ረጅም ጊዜ ቆመ። እህቴ «አባዬ፣ ጌም እኮ ነው» ልትለው ተነሥታ ነበር፤ እናቴ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠቻት። ጌሙን በማግስቱ ብቻዬን ጨረስኩት፤ መዝጊያው ላይ ፈረሱ አንድ የኋላ እግሩን እያነከሰ ተመልሶ መጣ። ወዲያው አባቴን ከጓሮ ጠርቼ አሳየሁት። ቆሞ አየው፤ «እግሩን አላሰሩለትም» አለ፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ እንደገና እንዳሳየው ጠየቀኝ።

ከዳንግላ አንድ ሰው ኮንሶሉን እንድሸጥለት ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል፤ ዋጋውም መጥፎ አልነበረም። እንደማልሸጠው ነግሬዋለሁ። አሁን ጌሙን ከመጀመሪያው ከፍቼ ለአባቴ ሁለት ነገር ብቻ አስተምሬዋለሁ፤ መሪውን እና ፈረሱን መኮልኮያውን ቁልፍ። ወደ ግዙፎቹ አይሄድም፤ ሰይፉን እንዲያወጣም አይፈልግም። ከጠዋቱ ቡና በኋላ መብራት ካለ ሳሎን ይቀመጥና በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ሶምሶማ እያስረገጠ ይሄዳል፤ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ያቆመዋል፣ ጥቂት ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ልጓሙን ልቅቅ አድርጎ በመጣበት ይመለሳል።