በጥቅል ትኬት ልጆቻችሁን የመጫወቻ ማሽን ላይ ከማውጣታችሁ በፊት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በድሬዳዋና በሐረር ለምትኖሩ፣ በተለይም በበዓል ሰሞን ልጆቻችሁን ሜዳ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ወደሚተከሉ የመዝናኛ ቦታዎች ለመውሰድ ለምታስቡ ወላጆች ነው። ባለፈው የገና ሰሞን እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ርካሽ መስሎኝ የገዛሁት ጥቅል ትኬት፣ በራሴ ፈቃድ ፈጽሞ ከማላስጠጋት ማሽን ላይ የሰባት ዓመት ልጄን አስቀምጬ እንድገኝ አድርጎኛል። የማስጠነቅቃችሁ ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብን አስቀድሞ መክፈል ዓይንን እንዴት እንደሚይዝ ጭምር ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነበር። የአንድ ጨዋታ ነጠላ ትኬት 100 ብር ሲሆን፣ 10 ጨዋታ የሚያስጫውተው ጥቅል ደግሞ 700 ብር ይሸጥ ነበር። ከልጄ ጋር የ12 ዓመቱ የእህቴ ልጅ አብሮን ስለነበር፣ ለሁለት ልጆች 300 ብር ማትረፍ ቀላል አይደለም ብዬ ማሽኖቹን በቅጡ ሳላይ በር ላይ ከፈልኩ። የትኬቱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም፤ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያነበብኩት ማታ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በር ላይ የቁመት መለኪያ አልነበረም፤ ዕድሜ የጠየቀን ሰውም አልነበረም፤ ትኬት ቆራጩ የቆጠረው የብር ኖቶቹን ብቻ ነበር።

ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ሜዳው በሰው ሞላ። ልጆቹ መጀመሪያ የመረጡት ወደፊትና ወደኋላ የሚወዛወዘውን ትልቁን መርከብ ነበር። በአንድ ረድፍ ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ ሦስቱንም የሚይዘው ከላይ ወደ ጭን የሚወርድ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ነው። እኔ ዳር፣ ልጄ መሃል፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ በሌላው ዳር ተቀመጥን። ዘንጉ ወረደና የእኔ ጭን ላይ ሲደርስ ቆመ። የእኔ ጭን ወፍራም ነው፤ በልጄ ሆድና በብረቱ መካከል ግን ሁለት ጭብጥ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ዘንጉ አንድ ወጥ በመሆኑ የሚቆመው ከሁሉም በሚተልቀው ሰው ላይ ነው፤ ትንሿን ልጅ የያዛት ምንም ነገር አልነበረም። ይህን ማሽኑን ለሚያስነሳው ልጅ ስነግረው «አቦ አትጨነቅ፣ አንተ ያዛት» አለኝ። በዚያች ቅጽበት መውረድ ነበረብኝ። ያልወረድኩት ትኬቱ ተቀዷል፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ይጠብቃል፣ ደግሞም ከፍያለሁ በሚል ስሜት እንደሆነ ዛሬ በግልጽ አውቀዋለሁ።

እንዲህ ያለው መርከብ ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ታችኛውን ነጥብ ሲያልፍ ተሳፋሪው የሚሰማው ክብደት የራሱን እጥፍ ይሆናል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰውነት ቀልሎ ከመቀመጫው ሊነሳ ይቃጣል። ጭን ላይ የሚያርፈው ብረት የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው። ልጄ በሦስተኛው ውዝዋዜ ላይ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ በቀኝ እጄ ወገቧን ጨምድጄ ብይዛትም፣ መርከቡ ሲመለስ ወደ ፊት ተወርውራ አፏን ከብረቱ ጋር ተጋጨች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ሲነቃነቅ የነበረ የወተት ጥርሷም ወለቀ። «በቃ አቁሙ!» እያልኩ ብጮህም ሙዚቃው ድምፄን ዋጠው፤ ማሽኑ የቆመው ጊዜውን ጨርሶ ነው። አስነሺው ስልኩን እያየ ነበር።

ስንወርድ የዘንጉን ማጠፊያ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ማጠፊያው በፒን የተያያዘ ነው፤ ፒኑ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ጫፉ ላይ ኮፒሊያ የሚባለው ትንሽ መቆለፊያ ብረት መግባት አለበት። በእኛ ረድፍ ፒን ላይ የነበረው ግን ኮፒሊያ ሳይሆን ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበት ጥቁር የማሰሪያ ሽቦ ነበር፤ ሁለት ዙር ተጠምዝዞ ጫፉ ተጣጥፏል። ይህን የመሰለ ሽቦ በእጅ ይጎነበሳል፤ በተደጋገመ ንዝረት ደግሞ ይበጠሳል። አባቴ የድሬ ሰው ሸሚንደፈር እያለ በሚጠራው የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠራ ሰው ነው። በልጅነቴ ከፉርጎዎቹ ሥር እየዞረ እያንዳንዱን ጎማ በመዶሻ መታ መታ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለው ግን ድምፁ ይታፈናል። ብረት እንደሚደክም፣ ድካሙም ከላይ በቀለም ተሸፍኖ እንደማይታይ የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ያንን ትምህርት በ300 ብር ቅናሽ መርሳቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለዚህ በጣም የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 2017 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ዓመታዊ ትርዒት ላይ ፋየርቦል የተባለ የሚሽከረከር ማሽን በሥራ ላይ እንዳለ መቀመጫዎቹን የያዘው ክንድ ተገንጥሎ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞቷል፤ ሌሎችም ቆስለዋል። አምራቹ ኩባንያ በኋላ እንደገለጸው፣ ክንዱ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ምሰሶ ሲሆን፣ ከውስጥ በኩል ዝገት ለዓመታት እየበላው ግድግዳውን አሳስቶት ነበር። ማሽኑ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር፤ ትርዒቱ ከመከፈቱ በፊትም በተቆጣጣሪዎች ታይቶ አልፎ ነበር። ልብ በሉ፤ ተቆጣጣሪ ባለበት አገር፣ ተመርምሮ ያለፈ ማሽን ነው እንዲህ የሆነው። እንደ እኛ ከተማ ባለ ቦታ ደግሞ ማሽኑ በየበዓሉ ተፈታትቶ በጭነት መኪና ከከተማ ከተማ ይጓዛል፤ ቡሎኑና ዳዶው በእያንዳንዱ ተከላ ይፈታል፣ ይታሰራል፤ አቧራና አሸዋ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። በቀለም የተሸፈነ ብረት ያለበትን ሁኔታ ለማወቅ ልዩ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ስንጥቅን አጉልቶ የሚያሳይ ቀለም በብየዳው ላይ ይቀባል፣ ወይም የብረቱ ውፍረት በድምፅ ሞገድ ይለካል። ይህን ወላጅ በዓይኑ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ወላጅ ማየት የሚችለው ላይ ያለው ቸልተኝነት፣ ማየት ስለማይችለው ይመሰክርለታል፦ በእጅ የሚነካውን ፒን በሽቦ ያሰረ ሰው፣ ከምሰሶው ውስጥ ያለውን ዝገት ይፈልጋል ብዬ አላምንም።

የመቀመጫው መያዣ ከተሳፋሪው ሰውነት ጋር አለመግጠም ራሱን የቻለ ገዳይ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2022 በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ከተማ ከረጅም ማማ ላይ ሰዎችን ይዞ ወደ ታች ከሚወረወር ማሽን አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ ወድቆ ሞቷል። በምርመራው የተገኘው፣ የዚያ መቀመጫ ጠቋሚ መሣሪያ በእጅ ተስተካክሎ መያዣው ከሚገባው በላይ ተከፍቶ እያለም ማሽኑ «ተዘግቷል» ብሎ እንዲነሳ መደረጉ ነው። ልጁ ሰፋ ያለ ሰውነት ነበረው፤ የእኔ ልጅ ደግሞ ቀጭን ናት፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው፦ መያዣው ለዚያ ሰውነት አልተሠራም፣ ያስጫወተው ሰውም እያየ አሳልፏል። በብዙ አገሮች ኃይለኛ በሆኑ ማሽኖች በር ላይ 120 ሴንቲሜትር ወይም ሌላ የቁመት መሥመር ተሰምሮ የሚታየው ለጌጥ አይደለም፤ ከዚያ በታች ያለ ልጅ መያዣው ሰውነቱን በሚገባ ስለማይገጥመው ሾልኮ ሊወጣ ይችላል።

በአየር ተነፍተው ልጆች የሚዘሉባቸውን ትልልቅ ፕላስቲኮችም ከአደጋ ነጻ አድርጋችሁ አትዩአቸው። በእኛም ሜዳ ላይ አንዱ ነበር፤ በአራት ማዕዘኑ በአሸዋ በተሞሉ ከረጢቶች ታስሮ። የአውሮፓ ደረጃ ለእነዚህ መጫወቻዎች ቢያንስ ስድስት የማሰሪያ ቦታ እንዲኖር፣ ነፋሱ በሰዓት ከ38 ኪሎ ሜትር ሲያልፍም ጨዋታው እንዲቆም ያዛል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 2021 በአውስትራሊያ ታዝማኒያ አንድ አዙሪት ነፋስ እንዲህ ያለውን መጫወቻ ከመሬት አንስቶት ስድስት ልጆች ሞተዋል። አዙሪት ነፋስ ድሬዳዋ ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ ከአሸዋው ወንዝ ዳር ተነስቶ የቤት ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጥ ሁላችንም አይተናል። ያውም መሬታችን ችካል አጥብቆ የማይይዝ ልል አሸዋ ነው።

ወደ ጥቅል ትኬቱ ልመለስ። ልጄን ይዤ ከመርከቡ ስወርድ ከአሥሩ ጨዋታ ሦስቱ ብቻ ነበሩ የተነሱት፤ የቀረው 7 ነው። ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ ተቆጣጣሪ ነኝ ያለው ሰው የትኬቱን ጀርባ አሳየኝና፣ «ለልጅቷ ሁለት ጨዋታ በነጻ እንጨምርላታለን» አለኝ። አፏ እየደማ ያለች ልጅ እያየ ነው ይህን ያለው። የዚህ ሽያጭ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ነጠላ ትኬት የገዛ ወላጅ አንዱን ማሽን አይቶ ካልወደደው በ100 ብሩ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ጥቅል የገዛው ግን ከአምስት ማሽኖች ሁለቱን እንኳ ቢጠራጠር፣ የከፈለው እንዳይባክን ሲል ልጁን ይጭናል። ለእኔ ቅናሹ የጥርጣሬዬ ዋጋ ነበር።

ስለዚህ ወደፊት በዚህ መንገድ ማድረግ እንዳለባችሁ በአጽንዖት እመክራለሁ። መጀመሪያ ሳትከፍሉ ግቡና አንድ ሙሉ ዙር ቆማችሁ ተመልከቱ፤ መግቢያ ላይ አስቀድማችሁ ካልገዛችሁ አትገቡም ከተባላችሁ ያ ብቻውን መልስ ነው። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት አስነሺው እያንዳንዱን መያዣ በእጁ ይጎትታል ወይስ ከሩቅ አውራ ጣቱን ብቻ ያሳያል? እጁ ድንገተኛ ማቆሚያው አጠገብ ነው ወይስ ስልኩ ላይ? መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ምን እንደሚሆን ጠይቁት፤ በከተማችን መብራት መጥፋቱ የታወቀ ነውና መልሱን ሳያስብ ሊነግራችሁ ይገባል። የማሽኑ እግሮች ያረፉት በሰፋፊ ጠንካራ ጣውላ ላይ ነው ወይስ በተደራረበ ብሎኬትና ድንጋይ ላይ? ከሁሉም በላይ፣ ለልጅና ለአዋቂ አንድ ወጥ ዘንግ ያለው ማሽን ላይ ልጃችሁን ከጎናችሁ አታስቀምጡ። ብዙ ወላጅ እኔ አጠገቧ ከሆንኩ ትድናለች ብሎ ያስባል፤ በዚህ ዓይነቱ መቀመጫ ላይ ግን ብረቱን ከልጁ የሚያርቀው የእናንተው ጭን ነው። የሰው ክንድም የሰውነቷ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ልጅን ይዞ አይችልም፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

«ኃላፊነት አንወስድም» የሚለው የትኬት ጽሑፍም አያስፈራችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በግብይቱ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ትኬቱን አትጣሉ፣ የማሽኑንና የመያዣውን ፎቶ አንሱ፣ ልጁ ከተጎዳ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ወስዳችሁ ጽሑፍ አውጡ። እኔ ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር፤ በእጄ ያሉት የተቀደዱት ትኬቶች፣ በስልኬ ያነሳኋቸው ሦስት ፎቶዎችና ከጤና ጣቢያ ያወጣሁት ወረቀት ናቸው። እነዚህን አያይዤ ለከተማችን የንግድ ቢሮ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ማመልከቻውም ቁጥር ተሰጥቶት ተመዝግቧል።

ማሽኖቹ ከድሬዳዋ ሜዳ ተነቅለው ተጭነዋል። ከጫኞቹ እንደሰማሁት ቀጣዩ ተከላ ሐረር ነው። የሐረር ወላጆች፣ መርከቡን በቀላሉ ትለዩታላችሁ፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሲሆን አፍንጫው ላይ የወርቃማ አንበሳ ራስ አለው። ከፊት ስትቆጥሩ ሦስተኛው ረድፍ፣ በግራ በኩል፣ የዘንጉን ማጠፊያ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ሽቦው አሁንም እዚያ ካለ፣ ፎቶ አንሱና ለእኔም ላኩልኝ፤ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዘዋለሁ።