ሃክኒ ዳይመንድስ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን አልበም ሃክኒ ዳይመንድስን የገዛሁት ልክ እንደወጣ ነው፣ በኦክቶበር 2023። ባንዱ አዲስ የራሱን ዘፈኖች ይዞ ሲመጣ ከ2005 ወዲህ የመጀመሪያው ስለሆነ መጠበቅ አልቻልኩም። ያኔ አስተያየት ብጽፍ ኖሮ ዛሬ ግማሹን መሰረዝ ነበረብኝ። ስምንት ወር ሙሉ ሰማሁት፤ ስሠራ፣ በእግሬ ስሄድ፣ ማታ መብራት አጥፍቼ።

መጀመሪያ የያዘኝ መክፈቻው አንግሪ ነበር። ሳምንት ሙሉ ከአፌ አልጠፋም። በሁለተኛው ወር ግን አልፌው መሄድ ጀመርኩ። ዜማው ምንም አልሆነም፤ ያስቸገረኝ አቀራረጹ ነው። የአልበሙ የመጀመሪያ ግማሽ ላይ ጊታሩም፣ ድራሙም፣ የዘፋኙ የሚክ ጃገር ድምፅም እኩል ይጮኻሉ፣ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ቦታ የለም። በስፒከር ሲሰሙት ደስ ይላል። በኢርፎን አራት ዘፈን በተከታታይ ከሰማችሁ ግን ጆሮ ይደክማል። ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ነው፣ እስከዛሬም አልለመድኩትም።

ባይት ማይ ሄድ ኦፍ ብቻ ጩኸቱ ያምርበታል። ቤዝ ጊታሩን የሚጫወተው የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነው። መሃል ላይ ቤዙ እንደ መጋዝ እየሻከረ ፊት የሚወጣበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ስደርስ ሁሌም ድምፅ እጨምራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከ1963 ጀምሮ የባንዱ ድራመር የነበረው ቻርሊ ዋትስ በ2021 አርፏል። አብዛኛው ዘፈን ላይ ድራም የሚመታው ስቲቭ ጆርዳን ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ሰባተኛውና ስምንተኛው ዘፈን ላይ ግን፣ ሜስ ኢት አፕ እና ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ ላይ፣ የምንሰማው ቻርሊ በሕይወት እያለ የተቀረጸውን ነው።

ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፣ በሦስተኛው ወር ገደማ። ቻርሊ ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ትንሽ ከበሮ) በሚመታባት ቅጽበት ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ (ከተደራረቡት ሁለት የነሐስ ሳህኖች) ላይ ያነሳል። ብዙ ድራመሮች ሁለቱን አንድ ላይ ይመታሉ፤ እሱ ግን ለስኔሩ ቦታ ይለቅለታል። ስለዚህ ምቱ ንጹህ ሆኖ ብቻውን ይመጣል፣ ሃይሃቱ ላይም ትንሽዬ ክፍተት ትቀራለች። ያቺን ክፍተት አንዴ ከሰማችኋት በቃ፣ ዘፈኑን በሙሉ እሷን እየጠበቃችሁ ነው የምትሰሙት። ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ ላይ ደግሞ ባንዱን ከለቀቀ 30 ዓመት ገደማ የሆነው ቢል ዋይማን በቤዝ ተመልሷል። የድሮዎቹ ቤዝና ድራም ለአንድ ዘፈን ያህል እንደገና አንድ ላይ ሆኑ። ኤልተን ጆንም ፒያኖ ላይ አለ፣ የእኔ ጆሮ ግን ወደ ሁለቱ ነው የሚሄደው።

ድራይቪንግ ሚ ቱ ሃርድ አልያዘኝም። ጊታሪስቱ ኪት ሪቻርድስ ራሱ የሚዘፍነው ቴል ሚ ስትሬት ግን በጊዜ ብዛት ወደድኩት፣ ድምፁ ውስጥ ድካሙ ይሰማል፣ እሱም ሊደብቀው አይሞክርም።

ስዊት ሳውንድስ ኦፍ ሄቨን ከሰባት ደቂቃ በላይ ነው፣ መጀመሪያ በዝቶብኝ ነበር። ሌዲ ጋጋ ከሚክ ጋር ትዘፍናለች፣ ስቲቪ ዋንደር ኪቦርድ ላይ አለ። ያለቀ ይመስላል። ከዚያ ስቲቪ ነካ ነካ ማድረግ ይጀምራል፣ ሚክ ዝቅ ብሎ ይገባል፣ ጋጋ ትከተለዋለች፣ ቀስ በቀስ ሙሉ ባንዱ ይነሳል። አሁን ዘፈኑን የምከፍተው ለዚያች መነሻ ስል ነው።

መጨረሻው ሮሊንግ ስቶን ብሉዝ ነው፣ የብሉዝ ሙዚቀኛው መዲ ዋተርስ በ1950 የተጫወተው፣ ባንዱም ስሙን ያገኘበት ዘፈን። አንድ ጊታር፣ አንድ ሃርሞኒካ፣ ኪትና ሚክ ብቻ። በ1961 ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ ሚክ ይዟቸው ከነበሩት ሸክላዎች አንዱ የመዲ ዋተርስ ነበር፣ ወሬ የጀመሩትም በዚያ ነው። አልበሙ ሲወጣ አንዱ 80፣ ሌላው 79 ዓመቱ ነበር። እዚህ ዘፈን ላይ ማንም አይጮህም። ኪት ገመዱን ሲጎትት ይሰማል፣ ሚክ ሃርሞኒካው ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማል። አልበሙን በሙሉ እንዲህ ቢቀርጹት ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

ልትሰሙት ካሰባችሁ ከሰባተኛው ዘፈን ጀምሩ፣ በኢርፎን፣ ድምፁን ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ። አንግሪ ሌላ ቀን ይደርሳል።