ቁስ ወይስ ፀረ-ቁስ፦ ማን ወደ ታች ይወድቃል?
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጠን ተማሪዬ «ፀረ-ቁስ ቢለቀቅ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?» አለኝ። እንዴት ያለ ግሩም ጥያቄ ነው!

ፀረ-ቁስ የተራው ቁስ ተቃራኒ አምሳያ ነው። ለምሳሌ ሃይድሮጅን ፕሮቶንና ኤሌክትሮን አለው፤ ፀረ-ሃይድሮጅን ደግሞ ፀረ-ፕሮቶንና ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ፀረ-ቅንጣት)። መጠነ ቁሳቸው እኩል፣ የቅንጣቶቻቸው ቻርጅ ግን ተቃራኒ ነው። ከተነካኩ ይጠፋፋሉ።

አወዳደቃቸውን ማነጻጸር ግን አድካሚ ነበር። ስበት ከኤሌክትሪክ ኃይል አንጻር እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ቻርጅ ያለው ቅንጣት ለዚህ አይሆንም፤ ገለልተኛ አቶም ያስፈልጋል። በሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል) የሚሠራው የአልፋ ተመራማሪዎች ቡድን ፀረ-ሃይድሮጅንን በማግኔት ወጥመድ ይዞ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ታተመ፦ አብዛኛው እንደ ጢስ ዓባይ ውሃ ቁልቁል ወረደ። የተለካው የስበት ፍጥንጥነት ከተራው ቁስ 0.75 እጥፍ ገደማ ነው፤ የስህተት ህዳጉ ሰፊ በመሆኑ ከ1 ጋር፣ ማለትም ልክ እንደ ተራው ቁስ ከመውደቅ ጋር አይጋጭም። ሽቅብ መሄዱ ግን ውድቅ ሆኗል።