የተነሺዎች ምክክር በአዋጅ 1161/2011፦ አገልግሎቱ ሲመዘን

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ተነሺዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጠቀሜታና አጠቃላይ ሂደት እንዲመክሩ አዋጁ ያዛል። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ቀዳዳው ግን ልማቱ አስቸኳይ ከሆነ ጊዜው ሊያጥር መቻሉ ነው።

በምክክሩ አዳራሽ ውስጥ ነገሩን በዋናነት የሚያበላሸው ካርታው ነው። መዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም የመላው ከተማው ጠቅላላ ፕላን፣ በፕሮጀክተር ከሩቅ ይታያል፣ የማን ግቢ መንገድ ውስጥ እንደገባ ግን አይለይም። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ይውጣልን በሉ፤ የመንገዱ ስፋት፣ የሕንፃው ከፍታና የቦታው አጠቃቀም የሚነበበው እዚያ ነው። የይዞታ ካርታችሁን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና ባለሙያው የማዕዘን ነጥቦቹን ፕላኑ ላይ አስገብቶ ያሳያችሁ። «በግምት እዚህ ጋ» መልስ አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ፊርማ ነው። የመገኘት መቆጣጠሪያው ኋላ «ተወያይተው ተስማሙ» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ሲያያዝ ማንም ላያስተውል ይችላል። ከፊርማችሁ ጎን «ለመገኘት ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ተቃውሟችሁን በጽሑፍ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ።

ከመድረክ እምብዛም የማይነገር አንድ መብትም አለ፦ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች፣ አቅሙ ካላቸው፣ በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ አላቸው። ጥያቄው ገና በምክክሩ ላይ ቢነሳ ይሻላል።

የማስለቀቅ ትዕዛዙ ከደረሰ በኋላ አቤቱታ ሰሚው ጋ የሚኬደው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ትዕዛዙን የተቀበላችሁበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉት።