«ባንድ 7 ካላመጡ ገንዘብዎ ተመላሽ» የሚል የአይኤልትስ ኮርስ ልትመዘገቡ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ኮርስ ገንዘብ ቆጥራችሁ ለተዘጋጃችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ለካናዳ ብላችሁ ትልቅ ሰው ከሆናችሁ በኋላ የእንግሊዝኛ ደብተር ለገዛችሁ ነው። 17,500 ብር ተበልቻለሁ። የበላኝን ቤት ስም አልጠራም። ብጠራው እሱን ብቻ ትሸሹና ያንኑ ውል ከጎኑ ካለው ሕንፃ ላይ ትፈርማላችሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 37። ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው፣ ካናዳ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ በምታስገባበት ሥርዓት፣ ከ30 ዓመት ጀምሮ በእያንዳንዱ ልደት ነጥብ ይቀነሳል፣ 45 ላይ የዕድሜ ነጥብ ዜሮ ይገባል። ስለዚህ ልደቴ ሲቃረብ ኬክ አይደለም የሚታየኝ። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ የደረሰኝ እንዲህ ስብሰለሰል በነበርኩበት ሰሞን ነው፦ «በ6 ሳምንት ባንድ 7! ካላመጡ ገንዘብዎ ተመላሽ!» (ባንድ የሚሉት ከ9 የሚታሰበውን የፈተናውን ውጤት ነው።) ከሥሩ የተማሪዎች ውጤት ፎቶ ተደርድሯል፣ ስማቸው በቀይ ተሸፍኗል። ሳምንቱ ደግሞ እቁቤ የወጣበት ነበር። እቁብ የደረሰው ሰው ልብ እንዴት እንደሚሞላ የደረሰው ያውቀዋል።

መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ «ይቀመጡ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» ሁሉ ብላኛለች። «ለምን ዓላማ ነው የሚፈተኑት?» አለችኝ። «ለካናዳ፣ ለኤክስፕረስ ኢንትሪ» አልኳት። ፎርሙ ላይ «ካናዳ» ብላ ጻፈች። ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። 16,000 ለኮርሱ፣ 1,500 ደግሞ «ለሞጁል» በቴሌብር ላክሁ። ስልኬ ላይ የወጣው የተቀባይ ስም የድርጅቱ አልነበረም፣ የአንድ ግለሰብ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ ከጥራዝ ላይ ማኅተም የሌለው ወረቀት ቀድዳ ሰጠችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረሰኝ እያገላበጥኩ «ይህ አይወራረድም» የምል ሰውዬ የራሴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ሦስት ገጽ ውል ቀረበልኝ። ጣቷ ያመለከተኝ ቦታ ላይ ፈረምኩ።

«በክፍል ከ12 ተማሪ አይበልጥም» ተብዬ ነበር፤ በመጀመሪያው ማክሰኞ ስቆጥር 34 ነን። ከጎኔ የምትቀመጠው ነርስ ከአዳር ሥራ ወጥታ፣ ልጆቿን አስተናግዳ ነው የምትመጣው። እንቅልፍ ሲጥላት እስክሪብቶዋ ከእጇ ይወድቃል፣ አንስቼ እሰጣታለሁ፣ ሁለታችንም ምንም እንዳልሆነ ወደ ሰሌዳው እናያለን።

መምህሩን አላማም፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። የሚያስተምረው ግን እንግሊዝኛ አልነበረም፣ ዜማ ነበር። ለማንኛውም ርእስ የሚሆን መግቢያ በቃላችን አስያዘን፦ «ኢት ኢዝ ኤን አንዲናየብል ፋክት ዛት ኢን ዚስ ኮንቴምፖራሪ ዌርልድ...»፤ «በዚህ ዘመናዊ ዓለም የማይካድ ሐቅ ነው...» እንደማለት። 34 ሰው ባንድ ድምፅ። የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ስንቆጥር እንኳ እንዲህ አልጮኽንም። ስለ ትራፊክም ይሁን ስለ ጡረታ፣ መግቢያው ያው ነው፣ ማሳረጊያውም ያው። በስድስት ሳምንት ውስጥ አራት ድርሰት አስረክቤያለሁ። ሦስቱ አልተመለሱልኝም። አንዱ ላይ በቀይ በእንግሊዝኛ «ጉድ!» (ጥሩ ነው) ተብሎ ተጽፎ መጣ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ የሚል አንድ መስመር እንኳ የለውም። ከፈተና አራሚዎቹ ዘንድ ግን በቃል የተጠና ዓረፍተ ነገር የታወቀ ነገር ነው። በይፋ በወጣው የራይቲንግ (የጽሑፍ ክፍል) መመዘኛቸው ላይ ተሸምድዶ የመጣ ጽሑፍ ነጥብ እንደሚያስቀንስ በግልጽ ሰፍሯል።

አሁን ወደዚያች «ካናዳ» ወደምትል ቃል ልመለስ።

አይኤልትስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አካዳሚክ እና ጀነራል ትሬኒንግ። ሊስኒንግና ስፒኪንግ (ማዳመጥና መናገር) አንድ ናቸው፣ ሪዲንግና ራይቲንግ (ንባብና ጽሑፍ) ይለያያሉ። ለኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚፈለገው ጀነራሉ ነው፤ በአካዳሚክ 9 ብታመጡም አይቀበሏችሁም። ራይቲንግ ላይ አካዳሚክ ተፈታኝ በመጀመሪያው ጥያቄ ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ ሲያብራራ፣ ጀነራል ተፈታኝ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለአከራይ፣ ለአለቃ፣ ለጓደኛ። ሦስት ነጥብ ይሰጡሃል፣ ሦስቱንም መመለስ አለብህ፣ ለአለቃህ የምትጽፈው ቃና ለጓደኛህ ከምትጽፈው ካልተለየ ነጥብ ይቀነሳል። ቢያንስ 150 ቃል፣ በ20 ደቂቃ አካባቢ። ያ ቤት ለስድስት ሳምንት ያሠራኝ ምን ነበር? ግራፍ! የአውቶቡስ ተሳፋሪ ወጣ፣ የቡና ምርት ወረደ። አንድም ቀን ደብዳቤ አልጻፍኩም።

ያወቅሁት ለፈተናው ስመዘገብ ነው። ፎርሙ የትኛውን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ደወልኩላቸው። «ያው ነው፣ አንዷ ብቻ ናት የምትለየው፣ ፒዲኤፍ እንልክልሃለን» አሉኝ። ሁለት ገጽ መጣ፣ አንደኛው ገጽ ተንጋድዶ የተነሳ ፎቶ ነው።

ሪዲንጉ ላይ የሠሩኝ ሥራ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር። የሙከራ ፈተና ሰጡን፣ ከ40 ጥያቄ 31 አገኘሁ። መምህሩ «ከ30 በላይ ያላችሁ 7 ገብታችኋል» አለ፣ አጨበጨብን። ልክ ነው፣ ለአካዳሚክ በዚያ አካባቢ ነው። የጀነራል ሪዲንግ ግን ጽሑፉ ቀለል ስለሚል ልኬቱ ይጠብቃል፤ 7 ለማግኘት 34 አካባቢ መመለስ ይጠይቃል፣ 31 ማለት 6 ነው። እኔ ለስድስት ሳምንት በተሳሳተ ሚዛን ስመዘን ነበር ማለት ነው።

ስፒኪንግ በቡድን ነበር፣ ለያንዳንዳችን አንዲት ደቂቃ። እውነተኛው ከአንድ ፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል። መሐል ላይ ርእስ ያለበት ካርድ ይሰጥህና አንድ ደቂቃ ተዘጋጅተህ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻህን ትናገራለህ። ሁለት ደቂቃ ብቻውን በእንግሊዝኛ ተናግሮ የማያውቅ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አርባኛው ሰከንድ ላይ ምን እንደሚሆን እኔን ጠይቁኝ።

ውጤቴ መጣ፦ ሊስኒንግ 7፣ ሪዲንግ 6፣ ራይቲንግ 5.5፣ ስፒኪንግ 6.5። ለአራት ሲካፈል 6.25 ይሆናል። በአይኤልትስ ሕግ 6.25 ወደ ላይ ተጠግቶ 6.5 ይባላል። ደስ የሚል ሕግ ነው፤ የበላኝም እሱ ነው።

ውሉን ያነበብኩት ያን ቀን ማታ ነው። አንቀጽ 4 እንዲህ ይላል፦ «ሠልጣኙ መቶ በመቶ የተከታተለ፣ የቤት ሥራዎችን በሙሉ ያስረከበ እና በአጠቃላይ ውጤት ከ6.5 በታች ያመጣ እንደሆነ በቀጣዩ ዙር ያለ ተጨማሪ ክፍያ የመማር መብት ይኖረዋል።» ማስታወቂያው ላይ 7 የነበረው ውሉ ላይ 6.5 ሆኗል። «ተመላሽ» የሚለው ቃል ደግሞ በሦስቱም ገጽ የለም፤ ሁለት ጊዜ ፈልጌዋለሁ። በማግስቱ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ውጤቴን አየና እጄን ጨበጠኝ፦ «6.5! እንኳን ደስ ያለህ!»

ቶሮንቶ ላለችው የአክስቴ ልጅ ስደውልላት ደግሞ «ወንድምዓለም፣ ካናዳ አማካይ አታይም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፌዴራል ስኪልድ ወርከር በሚባለው መስመር ትንሹ መግቢያ ሲኤልቢ 7 ነው (ሲኤልቢ ካናዳ የቋንቋ ችሎታ የምትለካበት ደረጃ ነው)፤ በአይኤልትስ ሲመነዘር በእያንዳንዱ ክፍል 6 ማለት ነው። አንዱ 5.5 ከሆነ ሦስቱ 9 ቢሆኑ በሩ ዝግ ነው። ጥሩ ነጥብ ለመሰብሰብ ሁሉም የሚሮጥለት ሲኤልቢ 9 ደግሞ ሊስኒንግ 8፣ ሌሎቹ ሦስቱ 7፣ 7፣ 7 ይፈልጋል። እንግዲህ «ባንድ 7 ዋስትና» ብሎ በጅምላ የሚያስተዋውቅ ሰው ለካናዳ ተፈታኝ ምን እየሸጠ እንደሆነ አስቡት። (በነገራችን ላይ እዚያው ጠረጴዛ ላይ «ዱኦሊንጎ ይቀልዎታል፣ እናዘጋጅዎታለን» የሚሉም አሉ። ዱኦሊንጎ ሌላ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል፤ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ግን አይቀበለውም።)

አቤቱታ ልጽፍ ስነሣ የመጀመሪያው የተጠየቅኩት ደረሰኝ ነው። ያቺ ማኅተም የሌላት ወረቀት ትዝ አለችኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ነጋዴው ለሸጠው አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥም ያስገድዳል። ሕጉ አለ ማለት ነው፣ ማስረጃው ግን ከእናንተ ነው የሚጠበቀው። የማስታወቂያው ስክሪንሾት ስለነበረኝ አስገብቼዋለሁ። እናንተም የቴሌግራም ማስታወቂያውን ሳይጠፋ ዛሬውኑ አንሱት፤ እነሱ ፖስቱን ለማጥፋት አንድ ጣት ይበቃቸዋል።

ሌላ ደግሞ ላስጠንቅቃችሁ። ኮርሱ ሊያልቅ ሲል «የዚህ ወር ጥያቄ እጃችን ላይ አለ» የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ይመጣል፣ ዋጋው ለብቻው ነው። ከመካከላችን አንዱ ገዛው። አብረን ከፍተን ስናየው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በፎቶኮፒ ከሚሸጥ የቆየ የመለማመጃ መጽሐፍ ላይ ተቀድቶ፣ የገጽ ቁጥሩ ተቆርጦለት ነው። ከዚያ የከፋው «ሳትፈተኑ ሲስተም ላይ የሚገባ ሰርተፊኬት» የሚሉት ነው። የውጤት ወረቀት ቁጥር አለው፣ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ገብቶ ያጣራዋል። ካናዳ በሐሰት ማስረጃ ያመለከተ ሰው ላይ ለ5 ዓመት በሯን ትዘጋለች። ገንዘቡ ይቅር፣ አምስት ዓመት በእኔ ዕድሜ ምን ያህል ነጥብ እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ኮርስ ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። በደንብ የሚያስተምሩ አሉ፤ ከሥራ በኋላ ብቻውን ለመቀመጥ ጉልበት የሌለው ሰው ክፍል መግባቱ ያግዘዋል። እኔ ዛሬ ብመለስ ግን ብር ሳላወጣ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ከዚህ በፊት የተማረ ሰው ድርሰት፣ አርማችሁ የመለሳችሁትን፣ አሳዩኝ።» ስሙን ይሸፍኑት፣ ግድ የለም። ገጹ በቀይ ከተጨማለቀ፣ «ይህ ቃል እዚህ አይገባም፣ ይህን ነጥብ አልመለስክም» የሚል ካለበት እቀመጣለሁ። ራይቲንግ ያለ አራሚ አያድግም፣ የምትከፍሉትም ለእሱ ነው። ቀጥሎ ጀነራል ነው አካዳሚክ ብዬ እጠይቅና መልሱን ውሉ ላይ አስጽፋለሁ። ውሉንም ቤት ወስጄ አነባለሁ፤ «እዚሁ ፈርም» ካሉ መልሱ ተሰጥቶኛል። ገንዘቡ በድርጅቱ ስም ወዳለ ሒሳብ ካልገባ አልከፍልም።

ከእስክሪብቶዋ ጋር የምትታገለዋን ነርስ ታስታውሷታላችሁ። እሷ ለእንግሊዝ ስለምትፈተን አካዳሚኩ ነው የሚያስፈልጋት፣ ግራፉ ለእሷ በጅቷል። የራይቲንጉ ሁለተኛ ጥያቄ፣ ቢያንስ 250 ቃል የሚጻፍበት ድርሰት፣ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ስለሆነና ከመጀመሪያው እጥፍ ነጥብ ስለሚይዝ በየእሑዱ አንድ ርእስ እንመርጣለን፣ 40 ደቂቃ ስልክ ላይ እንሞላለን፣ ጽፈን እንለዋወጣለን። የመለማመጃ ጥያቄ ከፈተናው ባለቤቶች ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። እሷ «ዘ» የምትባለዋን መስተአምር ትረሳለች፣ እኔ ዓረፍተ ነገር አስረዝማለሁ። ያ መግቢያ አሁንም እጄ ላይ ይመጣብኛል፣ «አንዲናየብል» ብላ ታሰምርበትና ትስቅብኛለች።

ባለፈው ሳምንት የዚያን ቤት ቻናል ከፈትኩት። አዲስ የውጤት ፎቶ ተለጥፏል፣ ስሙ በቀይ ተሸፍኗል። 7፣ 6፣ 5.5፣ 6.5፤ አጠቃላይ 6.5። የእኔ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ እጄን ሲጨብጠኝ «ለማኅደር» ብሎ ያነሳው። ከላዩ «ሌላም ተማሪያችን ተሳካለት!» ይላል። ከሥሩ 11 ሰው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ጠይቋል።