ባለ 16 መለኪያ ወይስ ክሎሪን ብቻ? የውሃ መመርመሪያ ስትሪፕ ለመግዛት ላሰቡ

ከቦቴ የሚያስቀዱትን ወይም በሮቶ ያጠራቀሙትን ውሃ ራሳቸው መመርመር የሚፈልጉ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ በአንድ ወረቀት 16 ነገር ይለካል የሚባለውን ስትሪፕ ይግዙ ወይስ ክሎሪን ብቻ የሚለካውን እንደሆነ ነው። ስትሪፕ የሚባለው ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ በላዩ ያሉት ትንንሽ ካሬዎች የያዙት ቀለም ከብልቃጡ የቀለም ሠንጠረዥ ጋር የሚነጻጸር ቀጭን ወረቀት ነው። እኔ የምመርጠው የክሎሪኑን ነው፤ ምክንያቴም በአብዛኛው ከዋጋ ይነሣል።

ሻጮች የባለ 16ቱን ዋጋ ለ16 አካፍለው እያንዳንዱ ምርመራ ከሳንቲም እንደማይበልጥ ያስረዳሉ። ሒሳቡ የሚያስኬደው ግን ሁሉም ካሬዎች የሚጠቅም ነገር ከተናገሩ ብቻ ነው። አንድ ወዳጄ በገዛው ብልቃጥ የቀለም ሠንጠረዥ ላይ የእርሳስ መስመር ከዜሮ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ 20 ሚሊግራም በሊትር ይዘላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን ግን 0.01 ነው። ፍሎራይዱም ከዜሮ ቀጥሎ 25 ይላል፣ ወሰኑ 1.5 ሆኖ ሳለ። እንደ ዝዋይና ወንጂ ባሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ጉድጓድ ያለው ሰው ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ስለሆነ፣ ገንዘቡን ለላቦራቶሪ ቢከፍል ይሻለዋል፤ ፍሎራይድ በማፍላት አይወገድምና።

የክሎሪኑን ሲገዙም ሠንጠረዡን ሳያዩ አይክፈሉ። ለመዋኛ ገንዳ የተሠራው ከዜሮ ወደ 1 ስለሚዘል፣ በቧንቧ ውሃ የሚፈለገውን ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም በሊትር የሚደርስ ነጻ ክሎሪን (ጀርም ለመግደል በውሃው ውስጥ የቀረውን) በትክክል አይለይም። እንደ እስክሪብቶ በኪስ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መለኪያ ደግሞ የሟሙ ጨዎችን መጠን ከመገመት አልፎ ክሎሪንን አያይም። ጀርምን በቀጥታ የሚያሳይ ከሦስቱ አንድም የለም።

ወደ ዋጋው ልመለስ። የ100 ስትሪፕ ብልቃጥ 1,500 ብር፣ የ50ው 900 ብር ነው እንበል፤ አንዱ ስትሪፕ በመጀመሪያው 15 ብር፣ በሁለተኛው 18 ብር ስለሚወድቅ ብዙ ሰው 100ውን ያነሣል። ነገር ግን ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ስትሪፖቹ በእርጥበት እየደከሙ ይሄዳሉ። 30 ተጠቅመው የቀረውን ቢጥሉ ከትልቁ ብልቃጥ አንዱ 50 ብር፣ ከትንሹ 30 ብር አወጣ ማለት ነው።

ከብልቃጥ ወጥቶ በፌስታል ተቆጥሮ የሚሸጠውን በምንም ዋጋ አልገዛም፤ እርጥበት መጣጩም የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም አብረውት አይመጡም፣ ተያይዞ የሚሰጠውም የቀለም ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ነው። ቀለም አንብበን በምንወስንበት ዕቃ ላይ የቀለሙን ማነጻጸሪያ በጥቁርና ነጭ መሸጥ ድፍረት ነው። የታሸገውንም ቢሆን ቤት እንደደረሱ ይፈትኑት። በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ በረኪና ጨምረው ሲነክሩት ቀለሙ በግልጽ መቀየር አለበት፤ በረኪና በሌለበት በዚያው ውሃ ደግሞ ዜሮ ማሳየት አለበት። ከሁለቱ አንዱን ከሳተ ደረሰኙን ይዘው ይመልሱት።

ለአንድ ቤት 50 ከበዛ ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ መግዛት ይቻላል፤ ስትሪፑን ግን አይከፋፈሉት። ብልቃጡ በአንድ ቤት፣ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ ይቀመጥ፤ ጎረቤትም ውሃውን በብርጭቆ እንደቀዳ ወዲያው ያምጣ፣ ክሎሪኑ ቆይቶ ይተናልና።