ንብ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ንግስቷን ሳታዩ ገንዘብ እንዳትቆጥሩ

አደይ አበባ ከፈካ ወዲህ ደሴ ዙሪያና ሐይቅ አካባቢ ንብ የሚሸጥ ሰው በዝቷል። መንጋ የሚወጣበት ወቅት ስለሆነ ይሄ ብርቅ አይደለም። አብዛኞቹ ሻጮችም ታማኝ ናቸው። ነገር ግን ንግስት የሌለውን ንብ በሙሉ ዋጋ እየሸጡ የሚሰወሩ አሉ። እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ጎረቤት ንቡ አልሆን ሲለው ጠርቶኝ ቀፎ አያለሁ። ሰሞኑን የጠሩኝ እናት ከነባህላዊ ቀፎው የገዙት አመሻሽ ላይ ነው። ሻጩ ከሸምበቆ በተሰራች ትንሽ ማገቻ ውስጥ አንድ ወፍራም ንብ አሳይቷቸው፣ «እትዬ፣ አውራው ይኸውልዎ፣ ወላሂ ዘንድሮ ማር ይጠግባሉ» አላቸው። እሳቸውም አምነው ያጠራቀሟትን ሙሉ ከፈሉ።

ማገቻዋ እኔ ስደርስም ቀፎው ውስጥ እንደታሰረች ነበረች። በውስጧ የደረቀው ድንጉላ ነው፤ ወንዱ ንብ። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፣ አናቱ ላይ ሊገጥሙ ይደርሳሉ። ቂጡ ደልደል ያለ ነው፣ ክንፉም እስከ ጫፉ ይሸፍነዋል። ንግስት እንዲህ አይደለችም። ሆዷ ረዥምና ወደ ጫፉ የሾለ ነው፤ ክንፏ ግማሹን ያህል ብቻ ሸፍኖ ያበቃል። ይህን ልዩነት በቀን ብርሃን ማንም ይለየዋል። በምሽት በባትሪ ግን ትልቅ ንብ ሁሉ ንግስት ይመስላል።

ቀፎውን ከኋላ ከፍተን አንዱን የማር እንጀራ ወደ ፀሐይ አዞርነው። በአንዱ ጉድጓድ ሦስት፣ በሌላው አራት እንቁላል። ያውም ከግርጌው ሳይሆን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ። ደህና ንግስት በየጉድጓዱ ግርጌ አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው። እንዲህ የተዝረከረከ እንቁላል ካያችሁ የሚጥሉት ሰራተኞቹ ንቦች ናቸው ማለት ነው። እነሱ ደግሞ ከድንጉላ ጋር ስላልተገናኙ ከእንቁላላቸው የሚወጣው ድንጉላ ብቻ ነው። ድንጉላ ማር አይሰራም። ሰራተኛ ንብ ስራ በሚበዛበት ወቅት ዕድሜዋ 6 ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ የሚተካት ከሌለ ቀፎው እያያችሁት ባዶ ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ሻጮቹ የሚያመካኙበት ነገር አለ። «ንብ በቀን አይነካም፣ በማታ ነው የሚወሰደው» ይላሉ። ማጓጓዙስ እውነት ነው፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ስለሚገባ ተሸክሞ መሄድ ይቀላል። መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። በቀን ሄዳችሁ እዩት፣ ተስማሙ፣ ሲመሽ ተሸከሙት።

በቀን ስትሄዱ መጀመሪያ በሩ ላይ ተቀመጡና ታገሱ። ሰራተኞቹ እግራቸው ላይ የአበባ ብናኝ ጭነው ደጋግመው ከገቡ ውስጥ የሚመገብ እጭ መኖሩን ያመለክታል። ቀጥሎ ቀፎው ይከፈትላችሁ። ንግስቲቱን ራሷን ማግኘት ለለመደ ሰውም ያስቸግራል፣ ስለዚህ እንቁላል ፈልጉ። እንቁላል በ3 ቀን ስለሚፈለፈል፣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ቆሞ ካያችሁ ንግስቷ በነዚያ ቀናት ውስጥ ነበረች ማለት ነው። ከዛፍ ላይ አሁን የወረደ መንጋ ከሆነ ግን ምንም እንቁላል አይኖረውም። ንግስቷም ገና ያልተገናኘች ልጃገረድ ልትሆን ትችላለች፤ እሷ እንቁላል እስክትጥል ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ክፍያውን ለሁለት መክፈል የሚያስፈልገው። ግማሹን በእጁ ስጡት፣ ቀሪውን እንቁላል ሲታይ። ሁለት የሰፈር ሰው ምስክር ይሁን፣ ሻጩም ከየት ቀበሌ እንደመጣ ይታወቅ። ንቡን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከፋም። «አሁኑኑ ሙሉውን፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ካላችሁ ተዉት።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ አብሽሩ፣ ቶሎ ከተደረሰበት መላ አለው። ሰራተኞቹ እንቁላል መጣል ካልጀመሩ ከሌላ ደህና ቀፎ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ እጭ ያለበት እንጀራ ቆርጣችሁ ስጧቸው። ከዚያ ራሳቸው ንግስት ያሳድጋሉ፤ እንቁላሉ ከተጣለ በ16 ቀን ገደማ ትወጣለች። ከጀመሩ ግን አዲስ ንግስት አይቀበሉም ብላችሁ አስቡ። ያኔ የተረፈውን ንብ ጠንካራ ቀፎ ላይ መደረብ ይሻላል፤ የእኚህንም እናት ንብ ከወንድማቸው ቀፎ ጋር ነው የቀላቀልነው። ግራ ከገባችሁ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ባለሙያ ጥሩ፣ ሻጩንም ለገበያው ሰው ሁሉ ንገሩ።